የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘጎጃም ሕይወትና የእግዚአብሔር መግቦት

ደብራችን ኢዮቤልዩውን በሚያከብርበት በዚህ ዓመት ስለ እግዚአብሔር መግቦት የሚናገር ታሪክ ሲታሰብ፤ ከገድል መጻሕፍት አንዱን ቅዱስ መምረጥ ቀላል ነበረ። እኔ ግን ደብረ ማርቆስን በወንጌላዊው ስም ያስጠሩትን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን መርጫለሁ። እርሳቸው ባሕታዊ አልነበሩም፤ ባለ ሠራዊትና ባለ ዙፋን ነበሩ። ነገር ግን አገኙ፥ አጡ፥ እንደገናም አገኙ፤ ሕዝባቸውም በጎጃም ምድር ከታየው ራብ ሁሉ የከፋውን በዘመናቸው አየ። በእግዚአብሔር በረከት መታመን ጎተራ ሞልቶ ሳለ የማይከብድ ነገር ነውና፤ ጎተራው ባዶ በሆነበት ዘመን የኖሩትን ሰው ታሪክ መመልከት ይሻላል።

የቀድሞ ስማቸው አዳል ተሰማ ይባል ነበረ። አባታቸው ደጃዝማች ተሰማ ጎሹ፥ አያታቸውም በዳሞትና በጎጃም ስማቸው የተፈራው ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ናቸው። ደጃዝማች ጎሹ በ1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ፤ ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ ከተባሉት ከካሣ ኃይሉ ጋራ ሲዋጉ ወደቁ። ከዚያ ወዲህ የጎጃም መሳፍንት ቤት እርስ በርሱ ተከፋፍሎ ኖረ። ዐፄ ቴዎድሮስ ከሞቱ በኋላ ዋግሹም ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ሲነግሡ፤ እኅታቸውን ወይዘሮ ላቀች ገብረ መድኅንን ለአዳል ዳሩላቸው። ነገር ግን ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ በ1863 ዓ.ም. ዐድዋ አጠገብ ድል ሆነው መንግሥት ለዐፄ ዮሐንስ ሆነ። አዳልም ተወዳዳሪያቸው ከነበሩት ከተድላ ጓሉ ልጅ ከደስታ ተድላ ጋራ ታግለው ጎጃምን ያዙ፤ ለዐፄ ዮሐንስም ገብተው ራስ ተባሉ።

በጥር ወር 1873 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ራስ አዳልን በጎጃምና በከፋ ላይ አነገሧቸው፤ ስመ መንግሥታቸውም ተክለ ሃይማኖት ሆነ። ከግብጽ አራት ጳጳሳት በመጡ ጊዜም አቡነ ሉቃስ ለጎጃም ተሰጡ። ንጉሥና ጳጳስ በአንድ ዘመን ለአንድ አገር መሰጠታቸው ታላቅ በረከት ነበረ፤ የጎጃም ሰውም እንዲሁ ቈጠረው።

ነገር ግን የከፋ ስም ከዘውዱ ጋራ ተጣብቆ መምጣቱ መዘዝ አመጣ። ከፋ ከዐባይ ማዶ ሩቅ ነው፤ በመካከሉም ሆሮና ጉድሩ፥ ሌላውም የኦሮሞ አገር አለ። ከዚያ የሚመጣው ቡናና የዝሆን ጥርስ በጎጃም ገበያ፥ ይልቁንም በባሶ፥ ነጋዴን ሁሉ የሚያባብል ሀብት ነበረ። ይህንኑ አገር የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በራስ ጎበና እጅ ይፈልጉት ነበረና፤ ሁለቱ ነገሥታት ግንቦት 30 ቀን 1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ ተዋጉ። የጎጃም ሠራዊት ተሸነፈ፤ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቈስለው ተማረኩ። ዘውድ ከጫኑ ዓመት ከመንፈቅ እንኳ አልሞላቸውም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልሻም። የጎጃም ደጋ ጤፍና ገብስ፥ ስንዴና ባቄላ፥ ማርም የማይነጥፍበት ምድር ነው። ከዐባይ ማዶ የተፈለገው እንጀራ አልነበረም፤ ከእንጀራ የሚተርፈው ነበር። በእምባቦ ሜዳ የቀሩት የገበሬ ልጆች የሞቱት ስለዚህ ትርፍ ነው። በዚያ ዘመን ነገሥታት ሁሉ እንዲህ ያደርጉ ነበረ ቢባል እውነት ነው፤ ግን በረከትን ከግብር ጋራ አንድ አድርጎ መቍጠር ያን ጊዜም ስሕተት ነበረ።

ንጉሥ ምኒልክ ምርኮኛቸውን ወደ ሸዋ ወስደው ቍስላቸውን አስታመሟቸው፤ አከበሯቸውም። ዐፄ ዮሐንስ ግን ያለ ፈቃዳቸው የተዋጉትን ሁለቱን ንጉሦች ገሠጹ፤ ከምኒልክ ወሎን፥ ከተክለ ሃይማኖት አገው ምድርን ወሰዱ፤ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትንም ወደ ዙፋናቸው መለሷቸው። ሁሉን ያጡ ሰው አገራቸውን በጦር ሳይሆን በምሕረት አገኙ። እንደኔ አሳብ፤ ከዘውዱ ቀን ይልቅ ይህ የመመለሳቸው ቀን ነው ስለ እግዚአብሔር ስጦታ የሚናገረው።

ዋና ከተማቸው መንቆረር ይባል ነበረ። በዚያም የወንጌላዊውን የቅዱስ ማርቆስን ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ የቦታውም ስም ቀስ በቀስ ጠፍቶ ከተማው ሁሉ በደብሩ ስም ደብረ ማርቆስ ተባለ። በዚያ ዘመን ቤተ ክርስቲያን መትከል ግንብ ማቆም ብቻ አልነበረም፤ ካህኑና ደብተራው የሚቀድሱበትን፥ የሚዘምሩበትንና የሚያስተምሩበትን ምግብ የሚያገኙበት መሬት መመደብም ነበረ። ይህ ሥርዐት እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ድረስ ቈይቷል። ዛሬ የካህናት ቀለብና የደብር ወጪ የሚወጣው ከምእመናን አሥራትና አስተዋጽዖ ስለ ሆነ፤ የዱሮው ንጉሥ በአንድ ቀን ያደርገው የነበረውን እያንዳንዱ ቤተ ሰብ በየወሩ በጥቂት በጥቂቱ ያደርገዋል። ሙዳየ ምጽዋቱ ውስጥ የምትወድቀውን ብር የሚንቅ ካለ ይህን ያስብ።

ንጉሡ ለትምህርትም ሰው ነበሩ። ጎጃም ዱሮም የዋሸራና የጎንጅ ቅኔ፥ የዲማም ትምህርት አገር ነው። ከዐባይ ማዶ በልጅነታቸው ተማርከው የመጡት አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ፤ በንጉሡ ዘመን በጎጃም አድገውና ተምረው፤ ኋላ የጎጃምን ታሪክ የጻፉ፥ አብያተ ክርስቲያናትንም በሥዕል ያስጌጡ ሊቅ ሆነዋል። በጦርነት ከእናቱ እጅ የተነጠቀ ሕፃን ለማረከው አገር ታሪክ ጸሐፊ ሆኖ መገኘቱ እጅግ የሚያስደንቅ ነው፤ የእናቲቱን ልቅሶ ግን አያስረሳም።

ከዚህ በኋላ የመከራው ዘመን ገባ። በጥር ወር 1879 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ወደ መተማ ዘምተው ደርቡሾችን ድል አደረጉ፤ የጦር አለቃቸውም ወድ አርባብ ሞተ። በዓመቱ በጥር 1880 ዓ.ም. ግን አቡ አንጃ ብዙ ሠራዊት ይዞ መጣ። ደምቢያ ውስጥ ሳር ውኃ በተባለው ስፍራ ጎጃሞች በብርቱ ተዋግተው ተሸነፉ፤ ከንጉሡ ቤተ ሰብ እንኳ የተማረኩ ነበሩ። ደርቡሾችም ጎንደር ገብተው አብያተ ክርስቲያናትን አቃጠሉ፤ ሕዝቡንም ማርከው ወሰዱ። ዐፄ ዮሐንስ በዚያ ጊዜ በሰሜን ከኢጣልያኖች ጋራ ተፋጠው ነበርና ሊደርሱ አልቻሉም።

ንጉሡ በዚህ ኀዘን ሳሉ ከምኒልክ ጋራ ተዋውለው ከዐፄ ዮሐንስ ተለዩ። ዐፄ ዮሐንስም በ1881 ዓ.ም. በቍጣ ወደ ጎጃም ተሻግረው አገሩን በሠራዊት አስበዘበዙት። ንጉሡ አምባ ላይ ወጥተው ዳኑ፤ አምባ የሌለው ገበሬ ግን እህሉ ተበላ፥ ቤቱ ተቃጠለ። ዐፄ ዮሐንስም ከዚያ ወደ መተማ ወርደው በመጋቢት መጀመሪያ በዚያው ዓመት ስለ አገራቸው ሞቱ። ከሁለቱ ማን እንደ በደለ መፍረድ የእኔ ሥራ አይደለም፤ የተጎዳው ማን እንደ ሆነ ግን ግልጥ ነው።

በዚህ ላይ ክፉ ቀን ተጨመረ። ሰው ደስታ እያለ የሚጠራው የከብት በሽታ (ስሙን ላለመጥራት በተቃራኒው ጠርተውት ይሆናል) በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምጽዋ በኩል፤ ኢጣልያኖች ለሠራዊታቸው ካስመጧቸው ከብቶች ጋራ ገብቶ አገሩን ሁሉ አዳረሰ። ከመቶው ከብት ዘጠናው ያህል እንዳለቀ ጸሐፊዎች ይገምታሉ። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቀረ፤ ዝናብ ጐደለ፤ አንበጣና ተምች የቀረውን ጨረሰ። ራቡ እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ ቈየ፤ ከሕዝቡ ሦስተኛው እጅ አልቋል የሚሉ አሉ። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው እየቈፈሩ መኳንንቱን በእጅ መቈፈር እንዲለምዱ አደረጉ። ጎጃም ግን ከሌላው አገር ይልቅ ሁለት ጊዜ ተመታ፤ በሠራዊት የተበዘበዘው ጎተራ ሳይሞላ በሬው ሞተ። ቈሎ ተማሪው በየደጁ ቆሞ በእመቤታችን ስም ሲለምን የሚሰጠው ቍራሽ፤ ባለቤቱ ራሱ ሲያጣ ከወዴት ይምጣ?

እንግዲህ ስለ መግቦት የሚሰብክ ሁሉ ይህን ዘመን ዘሎ ማለፍ አይገባውም። ያ ትውልድ ጸልዮአል፥ ጾሞአል፥ ምሕላ ቆሟል፤ ከዚህም ጋራ ተርቦ ሞቷል። ራቡ ስለ ነገሥታቱ ኀጢአት የመጣ ቅጣት ነው እያሉ የሚያስተምሩ አባቶች ነበሩ፤ ዛሬም አይጠፉም። እኔ ይህን ለመቀበል ይከብደኛል፤ ነገሥታቱ ተርፈው ድኾቹ ሞተዋልና። ጻድቁ ኢዮብ ከብቱንና ልጆቹን ባጣ ጊዜ ወዳጆቹ እንደዚሁ ፈርደውበት፤ እግዚአብሔር ደስ እንዳልተሰኘባቸው መጽሐፍ ይነግረናል።

በዳዊት መጨረሻ ከነቢያት ጸሎት ጋራ የምንደግመው የዕንባቆም ጸሎት፤ በለስ ባታፈራ፥ ከብትም ከበረት ቢጠፋ ነቢዩ በአምላኩ ደስ መሰኘትን እንደማይተው ይናገራል። ይህን በየዕለቱ የሚደግም የጎጃም ካህን፤ በ1882 ዓ.ም. ባዶ በረት አጠገብ ቆሞ ሲደግመው ቃሉ ከዚያ በፊት ያልነበረውን ክብደት ሳያገኝ አልቀረም። በዘመነ ጽጌ የሚሰበከው ስለ ሜዳ አበቦችና ስለ ሰማይ ወፎች የሚናገረው ወንጌልም እንዲሁ ነው። ያ ወቅት ደጋው በአደይ አበባ የሚያጌጥበት ነው፤ ነገር ግን አዲሱ እህል ገና አልታጨደም፥ የዓምናውም አልቋል፤ ባላገር ከዓመቱ ሁሉ የሚቸገርበት ጊዜ ነው። አባቶቻችን አትጨነቁ የሚለውን ትምህርት ለጠገበ ሰው በአዝመራ ወር አልመደቡትም፤ ለተራበ ሰው በአበባ ወር መደቡት።

ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ለአዲሱ ንጉሠ ነገሥት ለዐፄ ምኒልክ ገብተው በጎጃም ዙፋን ቈዩ። ከብቱ ከቀረው ጥቂት ዘር ተራባ፤ ገበሬው ማሳውን መለሰ። ክፉ ቀን ካለፈ አራት ዓመት ብቻ ሆኖት ሳለ፤ በ1888 ዓ.ም. የክተት ዐዋጅ ሲነገር ጎጃም ስንቅ ቋጥሮ ተነሣ። ይህን ስንቅ ልብ በሉት። ከጥቂት ዓመት በፊት ልጁን በራብ የቀበረ አባወራ በሶና ጭኮ፥ ቈሎም አዘጋጅቶ እስከ ትግራይ የሚያደርሰውን ጉዞ ጀመረ። የካቲት 23 ቀን ዐድዋ ላይ፤ እምባቦ ላይ ማራኪና ምርኮኛ የነበሩት ሁለቱ ሰዎች በአንድ ወገን ቆመው ተዋጉ። አቡነ ማቴዎስ ነበሩ፤ የቅዱስ ጊዮርጊስም ታቦት ነበረ። ድሉንም እግዚአብሔር ሰጠ።

ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በጥር ወር 1893 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ሃያ ዓመት ነግሠዋል። ጎጃምም ከእርሳቸው በኋላ ለየሹማምንቱ ተከፋፈለ፤ ኋላም ልጃቸው ራስ ኃይሉ አገሩን ብዙ ዘመን ገዙ። እርሱ ሌላ ታሪክ ነው።

የቀድሞውን ስም መንቆረርን ዛሬ የሚያነሡት ሽማግሎችና የታሪክ ጸሐፊዎች ናቸው። ያም የከብት በሽታ ከብዙ ዘመን ድካም በኋላ በ2003 ዓ.ም. ከምድር ሁሉ መጥፋቱ ታውጇል። የወንጌላዊው የማርቆስ ዕረፍት ሚያዝያ 30 ቀን ይታሰባል፤ በዚያ ወር የደጋው ገበሬ ደረቁን መሬት በጥማድ በሬ እየገመሰ የክረምቱን ዝናብ ይጠብቃል።