እውነተኛው እረኛ በምን ይታወቃል?
(የቅዱስ አትናቴዎስ ሕይወት)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ሆይ፥ ጌታችን በወንጌል የበግ ለምድ ለብሰው ከሚመጡ ተኩላዎች እንድንጠበቅ አስጠንቅቆናል። ይህ ማስጠንቀቂያ ለጳጳሳትና ለካህናት ብቻ የተሰጠ አይደለም፤ ቃሉን ለሚሰማ ሁሉ ነው። ተኩላው ተኩላ መስሎ ቢመጣ ኖሮ ማን ይሳሳት ነበር? የሚመጣው በግ መስሎ ስለሆነ እኛ ወጣቶች ልብሱን አይተን፥ ዜማውን ሰምተን፥ የተከታዮቹን ብዛት ቆጥረን ልንከተለው እንችላለን። ስለዚህ ነገሩን በአንድ አባት ሕይወት ብናየው ይበልጥ ይገባናል በማለት የእስክንድርያውን ሊቀ ጳጳስ የቅዱስ አትናቴዎስን ታሪክ በአጭሩ አቅርበናል። ዓመታቱን የጻፍናቸው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አትናቴዎስ የተወለደው በ3ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ሲሆን በልጅነቱ ዘመን ክርስቲያኖች ስለ እምነታቸው ይታሰሩና ይገደሉ ነበር። በኋላም በሊቀ ጳጳሱ በቅዱስ እለእስክንድሮስ ዘንድ ዲያቆንና ጸሐፊ ሆኖ አገለገለ። በዚያው በእስክንድርያ ከተማ ደግሞ አርዮስ የሚባል ቄስ ነበር። ይህ ሰው ሲያዩት ሐሰተኛ አይመስልም ነበር። ቁመቱ ረዘም ያለ፥ አለባበሱ የመናኝ፥ አነጋገሩም ለስላሳ ነበረ። ትምህርቱን በዜማ ስለ ደረሰው መርከበኛው በባሕር ላይ፥ ባለ ወፍጮው በሥራው ላይ፥ መንገደኛውም በጎዳና ላይ ያንጎራጉረው ነበር።

ይሁን እንጂ በዚያ ጣፋጭ ዜማ ውስጥ የነበረው ትምህርት ወልድን ከፍጡራን ወገን የሚቆጥር ነበር። ብዙዎች ነገሩ የሊቃውንት የቃላት ክርክር መስሏቸው ነበር። አትናቴዎስ ግን የመዳናችን ጉዳይ መሆኑን አስተዋለ። ክርስቶስ ፍጡር ከሆነ ፍጡርን ማዳን አይችልም። በጎርፍ የተወሰደን ሰው አብሮት የተወሰደ ሰው አያወጣውም፤ የሚያወጣው በዳር በጽኑ መሬት የቆመ ነው። በ325 ዓ.ም. በኒቅያ ጉባኤ በተሰበሰበ ጊዜ፥ በትውፊታችን ሠለስቱ ምዕት የምንላቸው 318ቱ አባቶች ወልድ ከአብ ጋር በባሕርዩ አንድ መሆኑን መስክረው አርዮስን አወገዙ። ወጣቱ ዲያቆን አትናቴዎስም ሊቀ ጳጳሱን ተከትሎ በዚያ ተገኝቶ ነበር።

ቅዱስ እለእስክንድሮስ በ328 ዓ.ም. ሲያርፍ አትናቴዎስ በመንበሩ ተሾመ። ዕድሜው ገና 30 ዓመት ገደማ ስለነበረ ልጅ ነው ብለው የተቃወሙት ነበሩ። እርሱ ግን በመንበሩ ላይ ተቀምጦ ክብር አልጠበቀም፤ እስከ ላይኛው ግብፅ ድረስ ወጥቶ አብያተ ክርስቲያናትንና መነኮሳትን ጎበኘ። ከአክሱም ፍሬምናጦስ ወደ እርሱ መጥቶ በዚያ ላሉት ክርስቲያኖች ጳጳስ እንዲሾምላቸው በለመነው ጊዜም፥ ሕዝቡን ከሚያውቀው ከራሱ ከፍሬምናጦስ የተሻለ ሰው እንደማይገኝ ተመልክቶ እርሱኑ ጳጳስ አድርጎ ላከልን። እኛ ከሣቴ ብርሃን አባ ሰላማ የምንለው ይህን አባት ነው።

ከዚህ በኋላ የአትናቴዎስ መከራ ጀመረ። ጠላቶቹ በትምህርቱ ነቀፋ ቢያጡበት በሰውነቱ ላይ ክስ ፈጠሩ። አርሳንዮስ የተባለውን ጳጳስ ገድሎ እጁን ለጥንቆላ ቆርጧል ብለው ወሬ ነዙ፤ የተቆረጠ እጅም በሣጥን አድርገው አሳዩ። ወሬው በአገሩ ሁሉ ተሰማ፥ ብዙዎችም አመኑ። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት ግን አርሳንዮስ ከተሸሸገበት ተገኝቶ ሁለት እጆቹ እንዳሉ ለከሳሾቹ ታየ። ይህም ሆኖ በ335 ዓ.ም. በጢሮስ የተሰበሰበው ጉባኤ በሌሎች ክሶች አትናቴዎስን ከመንበሩ ሻረው። ቀጥሎም ከግብፅ ወደ ቁስጥንጥንያ የሚላከውን ስንዴ ሊያስቀር ዝቷል ተብሎ ስለ ተከሰሰ ንጉሡ ቆስጠንጢኖስ ትሪር ወደምትባል ሩቅ ከተማ አጋዘው። ይህ ከአምስቱ ግዞቶቹና ስደቶቹ የመጀመሪያው ነበር።

በ337 ዓ.ም. ንጉሡ ሲሞት አትናቴዎስ ቢመለስም፥ በምሥራቅ የነገሠው ልጁ ቆስጠንጢዎስ ለአርዮሳውያን ያደላ ነበር። በ339 ዓ.ም. ጎርጎርዮስ የሚባል የቀጰዶቅያ ሰው በወታደር ታጅቦ በመንበሩ ላይ ተቀመጠ። አትናቴዎስም ወደ ሮም ተሰድዶ እስከ 346 ዓ.ም. ከመንጋው ተለይቶ ቆየ። በተመለሰ ጊዜ ሕዝቡ በታላቅ ደስታ ተቀበለው፤ ዐሥር ዓመት ያህልም በሰላም አስተማረ።

በየካቲት 356 ዓ.ም. ግን ሕዝቡ በቤተ ክርስቲያን ሌሊቱን ለጸሎት ተሰብስቦ ሳለ ወታደሮች ሕንፃውን ከበቡት። አትናቴዎስ ከመንበሩ አልተነሣም። ዲያቆኑ 135ኛውን መዝሙረ ዳዊት እንዲያነብ፥ ሕዝቡም የእግዚአብሔርን ምሕረት እየመሰከረ እንዲቀበል፥ ከዚያም እያንዳንዱ ወደ ቤቱ እንዲሄድ አዘዘ። በሩ ተሰብሮ ወታደሮቹ ሲገቡም በዙሪያው ያሉት ቶሎ እንዲወጣ ለመኑት፤ እርሱ ግን ሕዝቡ ሳይወጣ አልወጣም አለ። ብዙዎቹ ከወጡ በኋላ መነኮሳትና ካህናት ጎትተው አወጡት። ከዚያም ወደ በረሃ ሄዶ ስድስት ዓመት ያህል በመነኮሳት መካከል ተሸሸገ።

በዓመቱ በእርሱ ፋንታ ጊዮርጊስ የተባለ ሌላ የቀጰዶቅያ ሰው መጣ። ስሙ ከሰማዕቱ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ስም ጋር ይገናኛል እንጂ ሰውየው ሌላ ነው። ቀድሞ ለሠራዊት የአሳማ ሥጋ የሚያቀርብ ሰው እንደነበረ ተጽፏል። ያልተማረ አልነበረም፤ እንዲያውም ንጉሥ እንኳ የተመኘው ታላቅ የመጻሕፍት ስብስብ ነበረው። ነገር ግን የጨውንና የወረቀትን ንግድ፥ አልፎም የሬሳ ማውጫ ቃሬዛዎችን ሳይቀር በእጁ አድርጎ ገንዘብ ያግበሰብስ ጀመር። ሕዝቡ ከእርሱ ጋር አንሰበሰብም ብሎ ከከተማ ውጭ በመቃብር ቦታ ሲጸልይ ወታደር አስላከበት። ብዙዎች ተደበደቡ፥ ሌሎችም ተጋዙ። ሕዝቡ ግን እረኛውን ከቅጥረኛው ለይቶ ስላወቀ ሊቀበለው አልፈለገም።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ሊነሣ ይገባል። እውነተኛ እረኛ ስለ በጎቹ ነፍሱን ይሰጣል፥ ቅጥረኛው ግን ይሸሻል ብለን ተምረናል። ታዲያ አትናቴዎስ ለምን ሸሸ? ይህን ነቀፋ ጠላቶቹም አንሥተውበት ስለ ነበረ በጽሑፍ መልስ ሰጥቷል። ጌታ ራሱ በሕፃንነቱ ወደ ግብፅ መሰደዱን፥ ነቢያትና ሐዋርያትም ጊዜያቸው እስኪደርስ መሸሻቸውን አስታውሷል። እኛም ስናስተውለው ልዩነቱ ግልጽ ነው። ቅጥረኛው በጎቹን ለተኩላ ትቶ ራሱን ያድናል፤ አትናቴዎስ ግን መጀመሪያ በጎቹን አስወጣ፥ ከበረሃም ሆኖ በመልእክትና በመጽሐፍ መገባቸው። አንዲት ቃል ፈርሞ መንበሩን ማስመለስ ይችል ነበር፤ ያንን ግን አላደረገም።

የዚያ ዘመን ፈተና እስከ አገራችንም ደርሷል። ንጉሡ ቆስጠንጢዎስ ለአክሱም ነገሥታት ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ልኮ፥ ፍሬምናጦስ በጊዮርጊስ ፊት ቀርቦ እንዲመረመር ወደ ግብፅ ይላኩት ዘንድ ጠይቆ ነበር። ደብዳቤው የመጣው የዓለም ኃያል ከነበረው ንጉሥ ዘንድ ነው። ሆኖም ቤተ ክርስቲያናችን የጸናችው በአትናቴዎስ ሃይማኖት እንጂ በጊዮርጊስ አይደለም፤ ዛሬም ከቅዳሴዎቻችን አንዱ በቅዱስ አትናቴዎስ ስም የሚጠራ ነው።

በ361 ዓ.ም. ቆስጠንጢዎስ ሲሞት የእስክንድርያ ሕዝብ ተነሥቶ ጊዮርጊስን ገደለው። ይህ ግፍ እንጂ የሃይማኖት ድል አይደለም። የእውነተኛው እረኛ ድል የታየው በሚቀጥለው ዓመት ነው። አትናቴዎስ በ362 ዓ.ም. ተመልሶ ጉባኤ ሰበሰበና፥ ተገድደው በስሕተት የፈረሙ ጳጳሳት የኒቅያን ሃይማኖት ቢመሰክሩ በሹመታቸው እንዲቀጥሉ ተወሰነ። በቃል አጠቃቀም ተለያይተው የሚወጋገዙትንም እያንዳንዳቸው በቃሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ ጠየቃቸው፤ እምነታቸው አንድ መሆኑ ታወቀና ታረቁ። በእውነት ጉዳይ እንደ ዓለት የጸናው ሰው ለተሳሳቱት ግን በሩን አልዘጋም።

በዚያው ዓመት ከሐዲው ንጉሥ ዑልያኖስ፥ በ365 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሥ ዋሌንስ እንደገና አሳደዱት። በ366 ዓ.ም. ለመጨረሻ ጊዜ ወደ መንበሩ ተመለሰ። በ367 ዓ.ም. በላከው የፋሲካ መልእክትም ሐሰተኞች መጻሕፍት ምእመናንን እንዳያስቱ 27ቱን የሐዲስ ኪዳን መጻሕፍት ቆጥሮ አስታወቀ። ከ45 ዓመት የሊቀ ጵጵስና ዘመኑ 17 ዓመት ያህሉን በግዞትና በስደት አሳልፎ በ373 ዓ.ም. በሰላም ዐረፈ። ቤተ ክርስቲያናችን ግንቦት 7 ቀን ታስበዋለች።

ውድ ወጣቶች ሆይ፥ እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን?

አንደኛ፥ አርዮስ ምናኔና ዜማ፥ ጊዮርጊስ መጻሕፍትና መንበር፥ የጢሮሱ ጉባኤም የጳጳሳት ብዛት ነበራቸው። እነዚህ ሁሉ መልካም ናቸው፥ ግን ብቻቸውን ምልክት አይሆኑም። አንድ ሰው ሲያስተምረን በመጀመሪያ የምንጠይቀው ስለ ክርስቶስ ምን ይላል፥ የሚለውስ ከአባቶች ከተቀበልነው ጋር ይስማማል ወይ ብለን ነው።

ሁለተኛ፥ ፍሬውን እንመልከት። ለመንጋው ሲል ያጣ ነው ወይስ ከመንጋው ያተረፈ? መከራ ሲመጣ መጀመሪያ የሚወጣው ማን ነው? የሳተውን ሊመልስ ይደክማል ወይስ ሊያጠፋው ይቸኩላል?

ሦስተኛ፥ በወሬ ብቻ አንፍረድ። በሣጥን የታየችው እጅ የአርሳንዮስ አልነበረችም። የማንወደውን መምህር ሁሉ ተኩላ ብንል እውነተኛውን እረኛ ከከሰሱት ወገን ልንቆም እንችላለን። መርምሮ መለየትና ስም ማጥፋት ለየብቻ ናቸው።

ይህን ለማድረግ ግን ሃይማኖታችንን ማወቅ አለብን። በመቃብር ቦታ ቆመው የጸለዩት የእስክንድርያ ምእመናን ጊዮርጊስን ሊለዩት የቻሉት አስቀድመው የተማሩት ትምህርት ስለ ነበራቸው ነው። የእረኛውን ድምፅ ያላወቀች በግ የሌላውን ድምፅ ልትለይ አትችልም። ስለዚህ በየሰንበቱ ለመማር የምንመጣው ሰዓት ቀላል ነገር አይምሰለን፤ ድምፁን የምንለምደው በዚህ ነው።

የቅዱስ አትናቴዎስ ጸሎቱና በረከቱ አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።