ደራሲው ንጉሥ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ

የዐፄ ዳዊት ልጅ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በልጅነታቸው በግሸን አምባ ተግዘው ከቆዩ በኋላ፣ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. ነገሡ። ካህን ሳይሆኑ መጽሐፈ ብርሃንንና መጽሐፈ ሚላድን በግዕዝ ደረሱ። ሕዝቡ ፊደል ያልቆጠረ ስለ ነበረ፣ ካህናት በየሰንበቱ ምእመናንን ሰብስበው እንዲያስተምሩ አዘዙ። በ1442 ዓ.ም. በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ፣ ስለ ቅዳሜ ሰንበት ለብዙ ዘመን የተከራከሩትን መነኮሳት አስታረቁ። ዳሩ ግን ጣዖት አመለኩ የተባሉትን፣ የገዛ ልጆቻቸውን እንኳ ሳይቀር፣ በብርቱ አስገረፉ። በደብረ ብርሃንም ዐረፉ።

ጅራፉ ፍርሃትን ሲያተርፍ፣ መጻሕፍቱ ግን እስከ ዛሬ ይነበባሉ። ስለዚህ እኛ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ተማሪዎች የተማርነውን ላልተማሩት ወላጆቻችን በትዕግሥት እናንብብላቸው።