ቴዎዶር ሁክ

ቴዎዶር ኤድዋርድ ሁክ (ሴፕቴምበር 22 ቀን 1788 – ኦገስት 24 ቀን 1841 እ.ኤ.አ.) እንግሊዛዊ ደራሲ፣ ጋዜጠኛና የቅኝ ግዛት ባለሥልጣን ነበር። በሞሪሸስ ደሴት የመንግሥት ገንዘብ ያዥ ሳለ ከካዝናው 12,000 ፓውንድ ያህል ጎድሎ ስለተገኘ፣ እስከ ዕለተ ሞቱ የመንግሥት ባለዕዳ ሆኖ ኖሯል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የወጣትነት ዘመን

ሁክ የተወለደው በለንደን ነው። አባቱ ጄምስ ሁክ የታወቀ የዜማ ደራሲ ነበር። ልጁም ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ አባቱ ዜማ ለሚሠራላቸው የመድረክ ሥራዎች ጽሑፉን ያዘጋጅ ጀመር። አስቀድሞ ሳይዘጋጅ ግጥም እየፈጠረ መዝፈን ስለሚችል በመኳንንት ግብዣዎች ተፈላጊ ሆነ። በ1810 በበርነርስ ጎዳና በምትኖር አንዲት ሴት ስም እጅግ ብዙ ደብዳቤዎች ተልከው ነበር። በዚህም ነጋዴዎች፣ ሐኪሞች፣ የጭስ ማውጫ ጠራጊዎች፣ የለንደን ከንቲባ ሳይቀሩ በአንድ ቀን በሯ ላይ ተሰበሰቡ። የዚህ ቀልድ ጠንሳሽ ሁክ እንደነበር ይታመናል።

የሞሪሸስ ሹመት

ብሪታንያ ሞሪሸስን ከፈረንሳይ የያዘችው በ1810 ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ሁክ የደሴቲቱ ዋና ሒሳብ ሹምና ገንዘብ ያዥ ሆኖ ተሾመ። ደመወዙ በዓመት 2,000 ፓውንድ ነበር። ስለ ሒሳብ ሥራ ምንም ዕውቀት አልነበረውም፤ ሹመቱን ያገኘው በኋላ ንጉሥ ጆርጅ 4ኛ በሆነው ልዑል ዘንድ ስለተወደደ ነው። በደሴቲቱም ጊዜውን ይበልጥ ያሳለፈው በድግስና በጨዋታ ሲሆን፣ የካዝናውን ሥራ ለበታቾቹ ትቶት ነበር።

የጎደለው ገንዘብ

በ1817 የገንዘብ ቤቱ ሒሳብ ጉድለት እንዳለበት ታወቀ። ሁክ ተይዞ ወደ እንግሊዝ ተላከ። የመንግሥት የሕግ ሹማምንት በወንጀል የሚያስከስሰው ማስረጃ ስላላገኙ ተለቀቀ። ገንዘቡን የወሰደው ከሥሩ ይሠራ የነበረ ሰው እንደሆነ ይነገራል። ይሁን እንጂ ጉዳዩ በዚህ አልተዘጋም። ሌብነት ባይገኝበትም፣ ገንዘቡን በኃላፊነት የተረከበው እሱ ስለነበር ጉድለቱን እንዲተካ ተጠየቀ። የሒሳብ ምርመራ ቦርድ ጉዳዩን ለዓመታት ሲያጣራ ቆየ።

በዚህ መካከል ሁክ በ1820 “ጆን ቡል” የተባለውን ሳምንታዊ ጋዜጣ ስሙን ደብቆ ማዘጋጀት ጀመረ። ጋዜጣው የንግሥት ካሮላይንን ደጋፊዎች አጥብቆ ይነቅፍ ስለነበር ብዙ አንባቢ አገኘ። ሁክ ጥሩ ገቢ ቢያገኝም ዕዳውን ለመክፈል አልጣረም። ስለዚህ በ1823 በዕዳው ምክንያት ታሰረ። በእስር ሳለም ልብ ወለድ ታሪኮችን ይጽፍ ነበር። በ1825 ሲፈታ ዕዳው አልተሰረዘለትም።

የመጨረሻ ዓመታት

ከእስር በኋላ “ጊልበርት ገርኒ”ን ጨምሮ ብዙ ልብ ወለዶች ጻፈ። በ1840 በፉልሃም ለራሱ የላከው፣ የፖስታ ቤት ጸሐፊዎችን በሥዕል የሚያሾፍ ካርድ እስካሁን ከሚታወቁት ባለሥዕል ፖስት ካርዶች ሁሉ ቀደምቱ ነው።

ሁክ በፉልሃም ሲሞት መንግሥት ከሌሎች አበዳሪዎች ቀድሞ ንብረቱን ወረሰ። ልጆቹና እናታቸው ባዶ እጃቸውን ስለቀሩ ወዳጆቹ መዋጮ አሰባሰቡላቸው።