የስሜንን አራዊት በመጽሐፍ ያስታወቀ መንገደኛ፤ ኤድዋርድ ሩፔል

በስሜን ገደል የሚኖረውን ዋልያ የአገሩ ሰው ከጥንት ጀምሮ በስሙ እየጠራ ያውቀው ነበር። ነገር ግን በኤውሮጳ ሊቃውንት የእንስሳት መዝገብ ውስጥ ይህ ፍጥረት ገና አልተጻፈም ነበር። መልኩንና ጠባዩን መርምሮ፣ ከነአገሩ ስሙ በመጽሐፍ ጽፎ ያስታወቀው ኤድዋርድ ሩፔል የተባለው ጀርመናዊ ነው። የዚህ ሰው ታሪክ ዛሬ ሊታሰብ የሚገባው ስለ ዕውቀቱ ብቻ አይደለም፤ ፍጥረት ስለ ታወቀ ብቻ ከጥፋት እንደማይድን፣ ጠባቂም እንደሚያስፈልገው ስለሚያስተምር ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።)

ሩፔል በ1794 በኅዳር ወር በፍራንክፈርት ከተማ ከባለጸጋ ቤተ ሰብ ተወለደ። ወላጆቹ ለንግድ አስበውት ነበር፤ እርሱ ግን በ1817 ወደ ግብጽና ወደ ሲና በረሓ ተጕዞ ከተመለሰ በኋላ ልቡ ወደ ሥነ ፍጥረት ምርምር አዘነበለ። ስለዚህም ወደ ኢጣልያ ሄዶ የዕፅዋትንና የእንስሳትን ትምህርት ተማረ። በዚያው በ1817 በፍራንክፈርት ከተቋቋመው ከዜንከንበርግ የሥነ ፍጥረት ማኅበር ጋራም ተባበረ። በ1820ዎቹም ዓመታት ግብጽንና ኑብያን፣ የቀይ ባሕርንም ዳርቻ እየዞረ ብዙ ዐይነት እንስሳ ሰብስቦ ወደ ትውልድ ከተማው ላከ።

በ1831 ምጽዋ ደረሰ፤ በ1832ም ወደ ደጋው ኢትዮጵያ ወጣ። ጊዜው ዘመነ መሳፍንት ነበር። በጎንደር ዙፋን የተቀመጠው ንጉሥ ስም እንጂ ሥልጣን አልነበረውም፤ በ1831 በደብረ ዓባይ በተደረገው ጦርነት ደጃዝማች ሰባጋዲስና ራስ ማርዬ ሁለቱም ጠፍተው፣ ስሜንንና ትግሬን ደጃዝማች ውቤ ይገዙ ነበር። መንገዱ የሚያሠጋ ስለ ነበረ መንገደኛ ብቻውን አይሄድም፤ ሩፔልም ከነጋዴዎች ጋራ ተጕዞ፣ ተከዜን ተሻግሮ ወደ ስሜን ደረሰ።

በዚያ ከፍ ባለው ብርዳም አገር ሌላ ስፍራ ያልታየ ፍጥረት አገኘ። ወንዱ ወደ ኋላ የተቈለመመ ትልቅ ቀንድ ያለው ዋልያ፣ ሰው ሊቆምበት በማይችል ገደል ላይ ይመላለሳል። ደረቱ ላይ ጠጕር የሌለው ቀይ ቆዳ ያለበት ጭላዳ በመንጋ ተቀምጦ እንደ ከብት ሣር ይግጣል። ቀይ ቀበሮም በሜዳው ላይ እያደባ አይጥ ያድናል። ሩፔል ዋልያንና ጭላዳን በ1835፣ ቀይ ቀበሮን በ1840 በመጽሐፍ አወጣ። መንቁሩ ወፍራም የኾነውን የደጋ ቁራም በ1836 ያስታወቀ እርሱ ነው። ስም በሚያወጣበት ጊዜ የአገሩን ሰው አጠራር አልናቀም፤ ዋልያና ጭላዳ በሊቃውንት ቋንቋ ዛሬም የሚጠሩት ከዚሁ ከአገሩ ስም በተወሰደ ቃል ነው። ለቀይ ቀበሮም የስሜንን ስም ሰጠው። ስለዚህ ከዓለም በየትኛውም ክፍል ስለ እነዚህ እንስሳት የሚጽፍ ሊቅ ሁሉ ሳያውቀው የስሜንን ገበሬ ቃል ይናገራል።

ከስሜን ወርዶ በ1832 መጨረሻ ጎንደር ገባና እስከ 1833 ድረስ ተቀመጠ። በዚያም የብራና መጻሕፍትን ይሰበስብ ነበር፤ ካገኛቸውም መካከል የነገሥታት ታሪክ የተጻፈባቸው ነበሩ። እነዚህን መጻሕፍት በኋላ ለፍራንክፈርት ቤተ መጻሕፍት ሰጠ። የኢትዮጵያን ጕዞውን በሁለት ክፍል ጽፎ በ1838 እና በ1840 አሳተመ፤ በ1839ም የለንደን የጂኦግራፊ ማኅበር የወርቅ ሜዳይ ሸለመው። ከዚያም ዕድሜውን በትውልድ ከተማው በምርምር አሳልፎ በ1884 በ90 ዓመቱ ሞተ።

በዚያ ዘመን የእንስሳ ምርምር መሣሪያው ጠመንጃ ነበር። መርማሪው ያየውን ይገድላል፤ ቆዳውንና ዐፅሙንም በሣጥን አድርጎ ይልካል። ሩፔልም ከዚህ ልማድ አልወጣም። ኾኖም በስሜን ላይ ብርቱ ጕዳት ያደረሰው የአንድ መንገደኛ ጥይት አይደለም። ከእርሱ በኋላ ጠመንጃ በአገሩ እየበዛ ሄደ፤ የገብስ እርሻና የከብት ግጦሽም ወደ ተራራው ጫፍ እየወጣ ዋልያን ወደ ገደሉ ገፋው፤ ቍጥሩም አነሰ።

ይህ ጕዳት ሲታወቅ መንግሥት ሕግ ማውጣት ጀመረ። በ1944 የዱር አራዊትን ስለ መጠበቅ ዐዋጅ ታወጀ፤ የስሜን ተራሮችም በ1969 በሕግ ብሔራዊ ፓርክ ኾኑ። በ1978 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስ መዝገብ መጀመሪያ ከጻፋቸው 12 ስፍራዎች አንዱ ስሜን ነበር። ነገር ግን በ1996 ከሚያሠጉት ቅርሶች ተራ ተቈጠረ፤ ከዚያ መዝገብ የወጣው ከ21 ዓመት በኋላ በ2017 ነው። በዚህ መካከል በግጭ መንደር ይኖሩ የነበሩ ገበሬዎች ርስታቸውን ትተው ወደ ደባርቅ እንዲዛወሩ ተደርጓል። ዋልያ የዳነው በእነዚህ ሰዎች ኪሳራ ጭምር መኾኑ ሊዘነጋ አይገባም፤ የተነሣው ገበሬ ኑሮው ካልተቃናለት ጥበቃው በአገሩ ሰው ልብ ውስጥ ሊጸና አይችልም።

ዛሬ ጕብኝት የሚሻ መንገደኛ፣ አገሩ ሰላም በኾነ ጊዜ፣ ከደባርቅ ጠባቂ ይዞ በሳንቃበርና በግጭ በኩል ወደ ጨነቅ ይወጣል። ሩፔል በጠመንጃ የመረመረውን እርሱ በዓይኑ ብቻ አይቶ ይመለሳል፤ መንገድ መሪውና በቅሎ አከራዩም ከዚሁ እንጀራ ያገኛሉ። ገዳዩ የሚጠቀመው አንድ ቀን ነው፤ በሕይወት ያለው ዋልያ ግን በየዓመቱ እንግዳ ይጠራል።

ዋልያ በዱር የሚኖረው በስሜን ብቻ ሲኾን ቍጥሩ ከጥቂት መቶዎች አያልፍም፤ ቀይ ቀበሮም በመላው ኢትዮጵያ 500 ያህል ብቻ ነው። ሹም በፍርዱ፣ ካህንም በትምህርቱ ለእነዚህ ፍጥረታት ሊቆም የሚገባው ስለዚህ ነው። የሞተ እንስሳ ቆዳና ዐፅም በሣጥን ለብዙ ዘመን ሊቀመጥ ይችላል። በሕይወት ያለው ዋልያ ከስሜን ገደል ከጠፋ ግን ከሌላ አገር ዱር አምጥቶ የሚተካው ሰው አይገኝም።