የአርስ መንደር ቆሞስ

በዚህ እትም የምናቀርብላችሁ የቅዱስ ዮሐንስ ማርያ ቪያኔን ታሪክ ነው። ዘመኑን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ቪያኔ በ1786 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር፣ በሊዮን ከተማ አጠገብ ባለችው በዳርዲይ መንደር ከገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። ልጅነታቸው አብዮቱ አብያተ ክርስቲያናትን የዘጋበትና ካህናትን ያሳደደበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ በ1799 የመጀመሪያ ቁርባናቸውን የተቀበሉት በአንድ ቤት ውስጥ በስውር፣ መስኮቶቹ በድርቆሽ ጋሪ ተሸፍነው ነው።

የክህነት ትምህርት የጀመሩት ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ነበር። ዘግይተው በመጀመራቸው ላቲን አልገባ አላቸው፤ ከዘርዓ ክህነቱም ተሰናበቱ። ፈተና በደረሰ ቁጥር እንቅልፍ የምናጣ ተማሪዎች ይህን ስናነብ የእሳቸው ጭንቀት ለእኛ እንግዳ አይደለም። ቆሞሱ አባ ባሌ ግን ተስፋ ሳይቆርጡ በፈረንሳይኛ አስጠኗቸውና በ1815 በግሬኖብል ከተማ ቅስና ተቀበሉ።

በ1818 መጀመሪያ አርስ ወደምትባል የገጠር ቁምስና ተላኩ። ጉዞው በእግር ነበር፤ ጉም ሸፍኖት መንገዱ ቢጠፋባቸው አንድ እረኛ ልጅ እንደ መራቸው ይነገራል፤ በቦታው ዛሬ ሐውልት ቆሞበታል። አርስ የነበራት ሕዝብ 230 ያህል ብቻ ነው። አብዮቱ ሃይማኖቱን አቀዝቅዞት ብዙው ሰው እሑድን የሚያሳልፈው በእርሻውና በመጠጥ ቤት ነበር። ቤተ ክርስቲያኗም ጠባብና ያረጀች ነበረች።

አባ ቪያኔ ከቤታቸው ጥሩ ጥሩውን ዕቃ ለባለቤቶቹ መለሱ፤ ለራሳቸው የተቀቀለ ድንች እየበሉ ገንዘባቸውን ለቤተ ክርስቲያኗ አዋሉት። መንበረ ታቦቱን አሳደሱ፤ በ1820 የደወል ማማውን አሠሩ፤ ከዚያም በየጊዜው በግራና በቀኝ ትንንሽ የጸሎት ክፍሎች አስጨመሩ። በ1824 ለድሆች ልጃገረዶች ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ በኋላ ወላጅ የሌላቸውም ይኖሩበት ነበር። ሁሉንም በአንድ ጊዜ አፍርሰው አልሠሩም፤ አቅም በፈቀደ መጠን አንድ አንድ እያሉ ነው እንጂ። ይህ ትዕግሥት ከሁሉ ይልቅ ያስደንቀናል።

ቀስ በቀስ ሕዝቡ ተመለሰ። ዝናቸው ርቆ በየዓመቱ በአሥር ሺህ የሚቆጠር ተሳላሚ ይጎርፍ ጀመር። በበጋ ወራት በቀን እስከ 16 ሰዓት ኑዛዜ ሲሰሙ ይውሉ ነበር። ድካሙ ሲበዛባቸው ከአንዴም ሁለቴ ቁምስናውን ትተው ወደ ገዳም ለመሄድ ሞከሩ፤ ሕዝቡ ግን እየተከተለ መለሳቸው። በነሐሴ 4 ቀን 1859 በ73 ዓመታቸው ዐረፉ።

ከዚያ በኋላ ጥያቄ ተነሣ፤ ይህ ሁሉ ተሳላሚ የሚቆምበት ሰፊ ሕንፃ ያስፈልጋል፤ አሮጌዋስ ምን ትሁን? በእኛም ገጠር የሣሩ ክዳን በቆርቆሮ ሲለወጥ የጥንቱ በርና መስኮት የትም ሲጣል አይተናል። በአርስ ግን ከ1862 ጀምሮ ፒየር ቦሳን የተባለው የሕንፃ ባለሙያ ባዚሊካውን ሲሠራ፣ አሮጌውን የምእመናን መቆሚያና የደወል ማማውን ሳይነካ አዲሱን ከጫፉ አያይዞ አቆመው። የፈረሰው የጥንቱ መቅደስ ነው፤ ቅዳሴ ያሳረጉበት ስፍራ ነበርና መቅረቱ ያሳዝነናል።

በ1925 ቅድስናቸው ታወጀ፤ በ1929 የቆሞሳት ሁሉ ጠባቂ ተባሉ። ተሳላሚው አሁንም ስለ በዛ፣ ባዚሊካው እንዳይጋረድ ተብሎ ሦስተኛው ቤተ ክርስቲያን ከ1959 እስከ 1961 ከመሬት በታች ተሠራ። ዐፅማቸው ያለው በባዚሊካው ነው። ኑዛዜ የሚሰሙበት የእንጨት መቀመጫ ግን ዛሬም በአሮጌዋ ክፍል ይታያል፤ የኖሩበትም ቤት ከነወጥ ቤቱና ከነአልጋው ለጎብኚ ክፍት ነው።