እቴጌ ጣይቱ ብጡል፤ የግብር አዳራሽ እመቤት

ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ብዙም ሳይርቅ በሚገኝ በአንድ ወዳጃችን ቤት፣ ባለፈው ሰሞን አምስት ሆነን ተሰብስበን ነበር። የመሰብሰባችን ምክንያት አንድ ጠርሙስ ነው። ከመካከላችን አንዱ ለትምህርት ወደ ፈረንሳይ አገር ሄዶ ሲመለስ፣ ከቦርዶ አውራጃ የመጣ፣ ዕድሜው ሃያ ዓመት የሞላው ቀይ የወይን ጠጅ ይዞ ስለ ነበረ፣ ብቻውን ከፍቶ ከሚጠጣው ይልቅ እያመዛዘንን ብንቀምሰው የተሻለ መሆኑን ሁላችንም ተስማማን። የቤቱ እመቤት ደግሞ እንግዳው ጠርሙስ ባላጋራ አያጣም ብለው ይመስላል፣ ራሳቸው የጣሉትን ጠጅ በሦስት ብርሌ አቀረቡ። አንደኛው ከተጣለ አሥራ አምስት ቀን፣ ሁለተኛው አንድ ወር፣ ሦስተኛው አራት ወር የሆነው ነው።

የወይኑ ጠጅ ከታች አተላ ስለ ነበረበት ጠርሙሱን ከዋዜማው ጀምሮ አቁመነው አደርን፤ በማግሥቱም ሳናናውጥ በዝግታ ቀዳነው። ቀለሙ ከጥንቱ ሐምራዊነት ወርዶ የሸክላ ጡብ መስሏል። አዲስ የቦርዶ ወይን ምላስንና ድድን የሚያኮማትር ኃይል አለው፤ ይህ ግን ያ ሁሉ ለዝቦ፣ ሽታው የደረቀ ፍሬና የቆዳ ሽታ ሆኖ ነበር። ከብርሌዎቹ የመጀመሪያው የማሩ ጣፋጭነት ገና ያልለቀቀው ለጋ ነው። ሁለተኛው ማሩና ጌሾው የተስማሙበት ነው። ሦስተኛው ደርቋል፤ ማሩ በሽታ ብቻ ቀርቶ የጌሾው ምሬት ጉሮሮ ላይ ይቆማል። ሦስቱ ወዳጆቻችን ሁለተኛውን መረጡ፤ እኛ ግን በሦስተኛው ጸናን። ክርክሩ እየጋለ ሲሄድ በዚህ ነገር ዳኝነት የሚሰጥ ሰው ከጥንቱ ማን ነበር የሚል ጥያቄ ተነሣና የቤቱ እመቤት ሳያመነቱ የእቴጌ ጣይቱን ስም ጠሩ። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣን ያ መልስ ነው።

ስለ ቦርዶ የወይን ጠጅ የሚጽፉ ሁሉ 1855 እ.ኤ.አ. የተባለውን ዓመት ሳያነሡ አያልፉም። በዚያ ዓመት ለፓሪስ ታላቅ የዕቃ ትርኢት ሲባል፣ በንጉሠ ነገሥት ናፖሌዎን ሣልሳዊ ፈቃድ፣ የቦርዶ ደላሎች የየርስቱን ጠጅ በሚያወጣው ዋጋ መዝነው በአምስት ደረጃ ከፋፈሉት። ይህ ደረጃ እስከ ዛሬ ድረስ የሚሠራበት ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ የተደረገው ዋናው ለውጥ በ1973 እ.ኤ.አ. ሙቶን ሮችልድ የተባለው ርስት ከሁለተኛው ወደ አንደኛው ማለፉ ነው። ይኸው ዓመት በእኛ አቆጣጠር 1847 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት በየካቲት ወር ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ የሰሜኑን ገዥ ደጃዝማች ውቤን ደረስጌ ላይ ድል አድርገው፣ ውቤ ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ፈረንሳዮች ጠጃቸውን በደረጃ ሲጽፉ፣ በእኛ አገር የአንድ ታላቅ ቤት ማዕድ ተገለበጠ ማለት ነው። ደጃዝማች ውቤ የብጡል ኃይለ ማርያም ወንድም ናቸው፤ የብጡል ልጅ ጣይቱም በዚያን ጊዜ ገና ሕፃን ነበሩ።

እንግዲህ የእቴጌይቱ ሕይወት የሚጀምረው ከወደቀ ቤት ነው። በአባታቸው በኩል ከሰሜንና ከየጁ መሳፍንት የሚወለዱት ወይዘሮ ጣይቱ ለሴት ልጅ ትምህርት እምብዛም በማይሰጥበት ዘመን ማንበብና መጻፍ ተማሩ፤ ግዕዝ ያውቁ፣ በገና ይደረድሩ፣ ሰንጠረዥም ይጫወቱ ነበር። ከዳግማዊ ምኒልክ በፊት ከአንድ ጊዜ በላይ ትዳር መሥርተው ፈትተዋል። ይህን አንዳንድ ጸሐፊዎች እንደ ነውር ሲቈጥሩት እናያለን፤ እኛ ግን የመሳፍንቱ ሴት ልጅ ለማን እንደምትዳር የሚወስነው አብዛኛውን ጊዜ የጦርነቱ ሁኔታ እንደ ነበረ መርሳት አይገባም እንላለን። በመጨረሻም በ1875 ዓ.ም. በፋሲካ፣ በአንኮበር መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን፣ ከሸዋው ንጉሥ ከምኒልክ ጋር በቁርባን ተጋቡ።

ወደ ቤተ መንግሥት ሲገቡ ያገኙት ሥራ በዘመናችን ቋንቋ አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ወጥ ቤት፣ እንጀራ ቤት፣ ጠላ ቤት፣ ጠጅ ቤት እያንዳንዱ አለቃና ሠራተኛ ያለው ክፍል ነበረ። ጠጅ ቤቱ ከሁሉ የከበደው ነው፤ ምክንያቱም ጠጅ የሚጣለው ከማር ነው፣ ማሩም የሚመጣው ከገባሩ ነው። ከየአገሩ በግብር የሚገባው ማር አንድ ዓይነት አልነበረም። ከደጋ የሚመጣው ነጭ ማር ሌላ ነው፤ ከደቡብና ከምዕራብ ጫካ የሚመጣው ጠቆር ያለ ማር ሌላ ነው። አንዱን እጅ ማር በሦስት ወይም በአራት እጅ ውሃ በርዞ፣ በወይራ ጢስ በታጠነ ጋን ውስጥ ከትቶ፣ ሰፈፉን ካነሡ በኋላ የተወቀጠ የጌሾ እንጨት ጨምሮ አፉን ከድኖ መጠበቅ ለማንም ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ማሩ ሲለያይ፣ ወራቱ ሲበርድ ወይም ሲሞቅ፣ ጋኑ አዲስ ወይም አሮጌ ሲሆን ውጤቱ ይለወጣል። ቀኑን ያሳለፈ ሆምጣጤ ይሆናል፤ የቸኰለ ብርዝ ይጠጣል። ለብዙ ሺህ ሰው በአንድ ቀን፣ ያውም በየማዕርጉ የሚቀርበውን ጠጅ ማዘጋጀት ምን ዓይነት ስሌት እንደሚጠይቅ፣ ሒሳብ ክፍል የሚሠሩ አንባቢዎቻችን ከእኛ ይልቅ ይረዱታል።

ማዕርግ ያልነው በከንቱ አይደለም። በግብር አዳራሽ ውስጥ ንጉሡና መኳንንቱ የሚጠጡት የጠራው ጠጅ ለጭፍራው ከሚታደለው ጋር አንድ አልነበረም። እንግዳው ከዙፋኑ ምን ያህል እንደ ራቀ በተቀመጠበት ስፍራ ብቻ ሳይሆን በብርሌው ውስጥ ባለውም ይታወቅ ነበር። አሳላፊው ከማቅረቡ በፊት በመዳፉ ላይ ጥቂት አንቆርቁሮ ይቀምሳል፤ ጌታው ሲጠጣም ዓይን እንዳያየው ሸማ ይጋረድለታል። የመቅመሱ ልማድ መነሻው የመርዝ ፍርሃት ነው፤ ሆኖም በየዕለቱ ከየጋኑ የሚቀምስ አሳላፊ ሳያስበው የጣዕም ሊቅ ሆኖ ያረጃል። የቦርዶዎቹ ደላሎችም እንዲሁ በሥራ ብዛት የሠለጠኑ እንጂ ሌላ ምሥጢር የላቸውም። ልዩነቱ እነርሱ በመዝገብ ሲጽፉት የእኛዎቹ በቃል ይዘውት መቅረታቸው ነው። የትኛው አገር ማር በየትኛው ዓመት ምን ዓይነት ጠጅ ወጣው የሚል አንድ መዝገብ ከዚያ አዳራሽ ቢተርፍልን ኖሮ፣ በወዳጃችን ቤት ያነሣነው ክርክር ሌላ መልክ በያዘ ነበር።

የእቴጌይቱ እጅ በይፋ ከታየባቸው ግብሮች በታሪክ የገነነው፣ በ1880 ዓ.ም. መግቢያ የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲመረቅ አምስት ቀን የቆየው ድግስ ነው። ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ በታሪካቸው ውስጥ ቦታ ሰጥተውታል። ጄምስ ማካን የተባሉት አሜሪካዊ የታሪክ ሊቅም በ2009 እ.ኤ.አ. ስለ አፍሪካ ምግብ ባሳተሙት መጽሐፍ፣ የየአውራጃው ምግብና መጠጥ በአንድ ማዕድ ላይ የተገናኘበት፣ የአገር ወጥ ቤት የሚባለውም መልክ የያዘበት ድግስ አድርገው ያዩታል። በእኛ አስተያየት ይህ አባባል ትክክል ነው። ባልየው አገሩን በጦርና በድርድር ሲሰበስቡ ሚስትየው በሞሰብና በጋን ሰበሰቡት። ጥቂት ቀደም ሲል በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ብርድ ወደ ፍል ውሃው ሜዳ ወርደው ቤት ያሠሩት፣ ለስፍራውም አዲስ አበባ የሚለውን ስም ያወጡት እርሳቸው መሆናቸውን ማንም ስለሚያውቀው አንደግመውም።

በጥቅምት 1882 ዓ.ም. ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው በተቀቡ በሁለተኛው ቀን ጣይቱ የእቴጌነት ዘውድ ጫኑ። ዘመኑ ግን የግብር ዘመን አልነበረም። ከብቱ በበሽታ አልቆ፣ ገበሬው በሬ አጥቶ፣ ክፉ ቀን የተባለው ረኃብ አገሩን ያጠፋበት ጊዜ ነው። የጠጅን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ይህንን ዘሎ ማለፍ አይገባውም። በአዳራሹ የተንቆረቆረው ሁሉ ከገባር ጓዳ የወጣ ነው፤ ገባሩ ራሱ ግን ጠጅ ጥሎ ለመጠጣት የሚበቃ ማዕርግ አልነበረውም።

ስለ መጠጥ የእቴጌይቱን አስተዋይነት ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳን ግን ጠጅ ሳይሆን ውሃ ነው። በጥር 1888 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር መቀሌ ላይ በሠራው ምሽግ ውስጥ ሆኖ ሲከላከል፣ ምሽጉን በጥቃት ለመያዝ የተደረገው ሙከራ ብዙ ሰው አስጨረሰ። ያን ጊዜ እቴጌይቱ ጠላት የሚጠጣበትን ምንጭ መያዝ እንደሚሻል መከሩ፤ የራሳቸው ሰዎችም ምንጩን ያዙ። ከጥቂት ቀን በኋላ በምሽጉ ውስጥ ያለው ጦር በውሃ ጥም ተይዞ ቦታውን ለቅቆ ወጣ። የካቲት 23 ቀን በዐድዋ ደግሞ ከሠራዊታቸው ጋር ተሰልፈው ሲዋሉ፣ ሴቶቹ ለተዋጊውና ለቁስለኛው ውሃ እንዲያቀርቡ አደረጉ። ሺህ ሰው በአንድ ቀን ምን ያህል እንደሚጠጣ ከጠጅ ቤት የተማረ ሰው ይህን ማሰቡ አያስደንቀንም።

ከድሉ በኋላ የውጭ አገር መልእክተኞችና ነጋዴዎች በብዛት መጡ፤ የባቡር ሐዲድም በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። የወይን ጠጁና የሻምፓኙ ሣጥን ከዚያ ወዲያ በበቅሎና በግመል እየተጫነ ይገባ ጀመር። ለእነዚህ እንግዶች ማደሪያና መመገቢያ ይሆን ዘንድ እቴጌይቱ በ1900 ዓ.ም. ገደማ በአራዳ ሆቴል ከፈቱ። በገንዘብ መብላት ነውር መስሎ የታያቸው መኳንንት እንዳይሸሹ፣ ምኒልክ ራሳቸው እየጋበዙና ከዚያ በኋላ እያስከፈሉ እንዳለማመዱ ይተረካል። እስከዚያ ድረስ ጠጅ የሚገኘው ከጌታ እጅ ነበረ፤ በዚያች ቤት ግን ገንዘብ ያለው ሁሉ የሚጠጣውን ራሱ ይመርጥ ጀመር። የግብር አዳራሽ እመቤት የግብርን ልማድ የሚያፈርሰውን ቤት በገዛ እጃቸው መክፈታቸው፣ ለእኛ ከሕይወታቸው ሁሉ አስገራሚው ነገር ነው።

በዚያው ዘመን ዐፄ ምኒልክ ታመሙ። ሕመሙ እየበረታ ሲሄድ ሹመቱም ፍርዱም በእቴጌይቱ እጅ ገባ። ዘመዶቻቸውን ማስቀደማቸው፣ በጋብቻም ቤታቸውን ለማጽናት መሞከራቸው የሸዋን መኳንንት አስቆጣ፤ ይህንን ጥፋት አይደለም ለማለት አንደፍርም። በመጋቢት 1902 ዓ.ም. መኳንንቱ መክረው ከመንግሥት ሥራ ወጥተው የታመመውን ባላቸውን ብቻ እንዲያስታምሙ ወሰኑባቸው። ከመካሪዎቹ ዋነኛው ከጫቦ አገር በልጅነት ተማርከው መጥተው፣ በችሎታቸው ከፍ ብለው፣ በ1900 ዓ.ም. የጦር ሚኒስትር የሆኑት ፊታውራሪ ሃብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ፣ በቅጽል ስማቸው አባ መላ ነበሩ። ወዳጃችን ቤት አጠገብ ያለው ድልድይ የሚጠራው በእኒሁ ሰው ስም ነው።

ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ እቴጌይቱ ወደ እንጦጦ ተላኩ። አምስት ቀን ግብር ያገቡበት ደብር አጠገብ፣ በጸሎትና በጾም ተቀመጡ። ልጅ ኢያሱ ወርደው፣ ንግሥት ዘውዲቱ ነግሠው፣ ዓለሙ ሁሉ ሲለዋወጥ እርሳቸው ከዚያ አልተንቀሳቀሱም። በ1910 ዓ.ም. ኅዳር አካባቢ ወደ ጎንደር ሄደው ቀሪ ዘመናቸውን በዚያ ለመጨረስ ቢጠይቁም አልተፈቀደላቸውም። በዚያው ዓመት የካቲት 4 ቀን ዐረፉ። ዐፅማቸው ዛሬ በታእካ ነገሥት በዓታ ቤተ ክርስቲያን ከምኒልክ አጠገብ ይገኛል። ፊታውራሪ ሃብተ ጊዮርጊስም ዘጠኝ ዓመት ያህል ቆይተው በታኅሣሥ 1919 ዓ.ም. ሞቱ።

በአራዳ ያለችው የእቴጌይቱ ሆቴል በጥር 2007 ዓ.ም. እሳት ተነሥቶባት ብዙ ጉዳት ደርሶባት ነበር፤ ከዚያም ታድሳለች። በባቱ አካባቢ ደግሞ በቦርዶ ከተማ በ1949 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ካስቴል የተባለው ድርጅት የፈረንሳይ የወይን ተክል ተክሎ፣ የመጀመሪያውን ጠርሙስ በ2006 ዓ.ም. ለገበያ አቅርቧል። ጠጁ ግን በብዙ ቤት ከማር ይልቅ በስኳር እየተጣለ መሆኑን ቀማሽ ሁሉ ያውቃል።

በወዳጃችን ቤት የነበረው ክርክር አልተፈታም። የወይኑ ጠርሙስ ለአምስት ሰው ስለማይበቃ ቶሎ አለቀ። ከብርሌዎቹ ግን አስቀድሞ ባዶ የሆነው ለጋው፣ መጨረሻ የቀረው የአራት ወሩ ደረቅ ጠጅ ነበር፤ እርሱንም የቤቱ እመቤት ወደ ጓዳ ሊመልሱት ሲያነሡት እኛ ተቀብለን ጨረስነው።