በትርፍ ጊዜ የተጀመረ ሥራ፤ የፊሊፕ ካትዝ የሕይወት ታሪክ

ሰው በቀን የሚሠራው ሥራ እንጀራውን ይሰጠዋል፤ ማታ በራሱ ፈቃድ የሚሠራው ሥራ ደግሞ የልቡን ዝንባሌ ይገልጻል። አንዳንድ ጊዜም ይህ የማታ ሥራ ከቀኑ ሥራ በልጦ ለዓለም ሁሉ ይተርፋል። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን የአሜሪካዊው የፊሊፕ ካትዝ ሕይወት ስለ ሆነ፥ ታሪኩን በአጭሩ ለአንባቢዎቼ ለማቅረብ አስቤአለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ፊሊፕ ካትዝ በ1962 ዓ.ም. ኖቬምበር 3 ቀን በዊስኮንሲን፥ ሚልዎኪ በምትባል ከተማ ተወለደ። ገና ወጣት ሳለ ከአባቱ ጋራ ሆኖ ፕሮግራም በሚቀበል የሒሳብ መኪና ላይ ይለማመድ ነበር። በዚያችው ከተማ በሚገኘው የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ትምህርት ተምሮ በ1984 ተመረቀ። ከዚህ በኋላ የፋብሪካ መኪናዎችን ለሚቈጣጠሩ መሣሪያዎች ፕሮግራም በመጻፍ ሥራ ተቀጠረ።

በዚያ ዘመን ኮምፒዩተር የነበራቸው ሰዎች ጽሑፍና ፕሮግራም የሚለዋወጡት በስልክ መሥመር ነበር። መሥመሩም እጅግ ዝግተኛ ነበር፤ በሴኮንድ 2400 ቢት በሚያሳልፍ መሣሪያ 1 ሜጋባይት ለመላክ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጅ ነበር። የስልኩም ሒሳብ በዚያው ልክ ይቈጥራል። ስለዚህ መልእክቱን ከመላክ በፊት አምቆ ማሳነስ ግድ ሆነ። ለዚህ ሥራ በ1985 የወጣ አርክ የሚባል ፕሮግራም ነበረ። ካትዝ ግን ፕሮግራሙ የሚዘገይ መሆኑን አይቶ፥ ከመሥሪያ ቤት ሲመለስ ማታ ማታ በቤቱ ተቀምጦ ዋና ዋናውን ክፍል ለመኪናው ቅርብ በሆነው በአሰምብሊ ቋንቋ እንደ ገና ጻፈው። በዚህም ፒኬአርክ የተባለው ፕሮግራሙ ከቀድሞው በብዙ ፈጠነ። ሰዎችም ስለ ወደዱት በ1986 ፒኬዌር የተባለ ኩባንያ በቤቱ አቋቋመ፤ እናቱም በሥራው ይረዱት ነበር።

ነገር ግን ያለ ችግር አልቀረም። የአርክ ባለቤቶች ሥራችንን ወስዷል ብለው በ1988 ከሰሱት። ሁለቱን ፕሮግራሞች የመረመረ ባለሙያም ከአርክ የተገለበጠ ክፍል መኖሩን ገለጸ። ክርክሩ በስምምነት ሲያልቅ፥ ካትዝ ገንዘብ ከፈለ፤ በአርክ አሠራር የሚሠሩትን ፕሮግራሞቹንም መሸጥ ሊያቆም ተስማማ። እዚህ ላይ እውነቱን መሸፈን አይገባም፤ ከሌላው ሥራ መማር መልካም ሲሆን የሌላውን ድካም እንደ ራስ አድርጎ መያዝ ግን ዕዳ ያመጣል።

ካትዝ በዚህ ተስፋ ቈርጦ አልተቀመጠም። በ1989 ዚፕ የተባለ አዲስ የፋይል ዓይነት አወጣ፤ የአሠራሩንም ደንብ ጽፎ ለሕዝብ ገለጸ። ማንም ሰው ደንቡን አንብቦ የራሱን ፕሮግራም መሥራት ይችል ነበር። በ1993 ደግሞ ዲፍሌት የሚባለውን ዘዴ ጨመረበት።

ዲፍሌት ሁለት የቈዩ አሳቦችን ያጣምራል። አንደኛው አብርሃም ሌምፔልና ያዕቆብ ዚቭ በ1977 ያወጡት ነው። ለምሳሌ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ኢትዮጵያ የሚለው ቃል ዐሥር ጊዜ ቢገኝ፥ አንድ ጊዜ ብቻ በሙሉ ይጻፍና በሌላው ቦታ ይህን ያህል ወደ ኋላ ተመልሰህ ይህን ያህል ፊደል ውሰድ የሚል አጭር ምልክት ይተካበታል። ዲፍሌት እስከ 32 ኪሎባይት ድረስ ወደ ኋላ ሊመለከት ይችላል። ሁለተኛው ዴቪድ ሀፍማን ተማሪ ሳለ ያገኘውና በ1952 የታተመው ነው፤ ይኸውም ብዙ ጊዜ ለሚመጣው ምልክት አጭር፥ አልፎ አልፎ ለሚመጣው ረጅም ቍጥር መስጠት ነው።

ዛሬ ብዙ የኢንተርኔት ገጾችና ፒኤንጂ የሚባሉት ሥዕሎች በዲፍሌት ይታመቃሉ። በወርድ ፕሮግራም በአማርኛ ጽፈን በተለመደው ዓይነት የምናስቀምጠውም ፋይል በውስጡ ዚፕ ነው።

የካትዝ የግል ሕይወት ግን እንደ ሥራው አልተቃናም። የመጠጥ ልማድ አሸነፈው፤ በኋላም ከሰው እየራቀ ሄደ። በ2000 ዓ.ም. ኤፕሪል 14 ቀን በሚልዎኪ፥ በእንግዳ ማረፊያ ክፍል ውስጥ ብቻውን ሞቶ ተገኘ። መጠጡ ባመጣበት ሕመም ሲሞት ዕድሜው 37 ዓመት ነበር።

እንግዲህ እኛ ዘንድሮ ይህን ትምህርት ቤት የምንሰናበት ተማሪዎች ከዚህ ሰው ሁለት ነገር እንማራለን። ከሥራው፥ የትርፍ ጊዜን ሥራ ሳይንቁ በትጋት መያዝን፥ የደረሱበትንም ዕውቀት ለሌላው መግለጽን እንማራለን። ከአሟሟቱ ደግሞ፥ ብልኅነት ብቻውን ሰውን እንደማይጠብቀው እንማራለን። ከመካከላችን በሥራው የሚመሰገን ጓደኛ ሲኖር ማመስገን ብቻ አይበቃም፤ ብቻውን ሲሆን ባየነው ጊዜ ሄደን ልንጠይቀው ይገባል።